«ለልጆችህ ብለህ ተወው»፦ ሙስና የሚያጣራ የመብት ሠራተኛ ለምን ይዛትበታል?

ደሴ ነው፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ቤት። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ዘመዴ የሰብአዊ መብት አቤቱታ የሚቀበልና የሚያጣራ ሠራተኛ ነው። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሽማግሌ የአባቱ ባልንጀራ ናቸው። ያን ቀን ጠዋት ነው ከገጠር የገቡት። ስለ ዝናቡ ተወራ። ስለ ማሽላው ተወራ። በረካው ሲቀዳ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያን የስንዴውን ወረቀት ተወው። ማንም ልኮኝ አይደለም፤ ለአንተው ብዬ ነው። ለልጆችህ ብለህ ተወው። ትንሿ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ አስፋልት ነው የምትሻገረው።»

ከዚያ መረቁት። ዱአ አድርገው፣ «አብሽር» ብለውት ወጡ።

ማንም አልጮኸም። ሽጉጥ አልወጣም። ስድብ እንኳ አልነበረም። ግን ሽማግሌው ከዚያ ቀን በፊት ደሴን ከረገጡ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር። ልጅቷ ትምህርት ቤት የገባችው አምና ነው። አስፋልት እንደምትሻገር ማን ነገራቸው?

ዘመዴ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሲነጋ ደግሞ የሚያመለክተው ነገር አጣ። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ምን ይበል? «ሽማግሌ መረቁኝ» ይበል?

ስለ ዛቻ ስናወራ አብዛኞቻችን የምናስበው በሌሊት የሚደወል ስልክና በር ሥር የሚወረወር ወረቀት ነው። እሱም አለ። እኛ አገር ግን ዛቻ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ምክር መስሎ ነው። ሕጉ የሚያውቀው የሚጮኸውን ዛቻ ነው፤ የሚመክረውን ዛቻ በደንብ አያውቀውም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። የመብት ሠራተኛን ከስንዴ ጋር ምን አገናኘው? ሌባ የሚያሳድድ ፖሊስ የለም ወይ?

እንበል አንዲት እናት መጥታ «አምስት ነፍስ ይዤ የሁለት ሰው ብቻ ነው የምቀበለው» ትላለች። ይህ የምግብ መብት አቤቱታ ነው። አጣሪው የሥርጭቱን ወረቀት ያስወጣል። ወረቀቱ ቀላል ነው። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ኪሎ፣ መጨረሻ ላይ ፊርማ ወይም አሻራ። የተለመደው ስፍር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው። በሴትዮዋ ስም አምስት ሰው ተጽፏል፤ 75 ኪሎ ወጪ ተደርጓል። እጇ ላይ የደረሰው 30 ነው። 45 ኪሎ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

አሁን አሻራዎቹን እንይ። ሐምራዊ ቀለም ነው። አንዱ አውራ ጣት መሐሉ ላይ የቢላ ጠባሳ የመሰለ ነጭ መስመር አለው። ያው መስመር ሦስት ረድፍ ወርዶ ሌላ ሰው ስም ፊት አለ። ቀጥሎም አለ። ገጹን ስትገልጠው እንደገና አለ። አንድ ጣት የአሥራ አራት አባወራ ስንዴ ፈርሟል።

አጣሪው ሙስና ሊፈልግ አልወጣም። የወጣው «ይህች እናት ለምን አልበላችም?» ብሎ ነው። ክሩን ሲስበው ግን መጋዘኑ በር ላይ ደረሰ። መድኃኒት የሌለው ጤና ጣቢያም እንዲሁ ነው። ካሳ ሳይከፈለው ከመሬቱ የተነሣ ገበሬም፣ እስር ቤት ውስጥ ገንዘብ ካልከፈለ ዋስትና የማይፈጸምለት ወጣትም እንዲሁ። የመብት ጥሰት ከላይ የሚታየው ነው፤ ቆፈር ስታደርገው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ታገኛለህ። የተባበሩት መንግሥታት የመብት ተሟጋቾች ልዩ ራፖርተር ሜሪ ላውለር እ.ኤ.አ. በ2022 ሙሉ ሪፖርት ያቀረቡት በዚሁ ጉዳይ ነው፤ በሙስና ላይ የሚሠሩ ሰዎች የመብት ተሟጋቾች ናቸው፣ ጥበቃውም ይገባቸዋል የሚል።

ለወሎ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብ አያቶቻችን ያውቁታል። ዝናብ ቀርቶ ነበር፤ እውነት ነው። ሰው ያለቀው ግን ዝናብ ስለቀረ ብቻ አይደለም። ነገሩ ተደብቆ ስለነበር ነው። የአገር ስም እንዳይጠፋ፣ ሹመት እንዳይነካ ተብሎ ተሸፋፈነ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 መጀመሪያ ላይ ምስሉን ለዓለም ካሳየ በኋላ መሸፋፈን አልተቻለም። በዚያው ዓመት አብዮቱ ሲፈነዳ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሥራው የቀድሞ ባለሥልጣናትን በሙስናም በረሃቡም ነገር መመርመር ነበር። ልብ በሉ፣ ሁለቱን ጉዳይ ለአንድ ኮሚሽን ነው የሰጡት። ያኔ ማንም «ረሃብና ሙስና ምን አገናኛቸው?» ብሎ አልጠየቀም።

ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ምርመራው ሳያልቅ ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሰዎችን፣ ብዙዎቹ የቀድሞ ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ረሸነ። ከእነሱ ጋር ብዙ ምስክርነት አብሮ ተቀበረ። ያን ስንዴ ማን ያዘው፣ ያን ደብዳቤ ማን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈው የሚለው ጥያቄ በችሎት ሳይመለስ ቀረ። ምርመራን የሚገድለው ሌባው ብቻ አይደለም፤ የቸኮለ በቀልም ይገድለዋል። ፕሮፌሰሩ በ1984 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን፣ ኢሰመጉን፣ ከመሠረቱት ሰዎች ዋነኛው ሆኑ። ከዚያ በኋላም ከአንድ ጊዜ በላይ ታሰሩ።

የቅርቡንም አንርሳ። ሰኔ 2015 ዓ.ም. ላይ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለመላው ኢትዮጵያ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ አቆሙ። ምክንያቱ እርዳታው በሰፊው ከታሰበለት ሰው እጅ እየወጣ መሆኑ ነበር። ሌባው ሰረቀ፤ ስንዴው የቀረበት ግን ያው የተራበው ሰው ነው። ከጦርነቱ ገና ሳያገግም መጠለያ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ለወራት ያለ ስፍሩ ቆየ። «ትንሽ ብትጎድል ምናለበት» የሚሉ ሰዎች ያን ጊዜ የት እንደገቡ እንጃ።

አሁን ወደ ሌላው ጥያቄ እንምጣ። የመብት አጣሪ ማሰር አይችልም፤ መክሰስም አይችልም። ታዲያ ለምን ይፈራል?

የአገራችንን ተቋማት አሠላለፍ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋልና። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ኢሰመኮ፣ በአዋጅ ቁጥር 210/1992 ነው የተቋቋመው። እንባ ጠባቂ ተቋም ደግሞ ቀጥሎ ባለው በአዋጅ ቁጥር 211/1992። ሁለቱንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ጠቅሷቸዋል። ተጠሪነታቸው ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። ይመረምራሉ፣ ይጽፋሉ፣ ምክረ ሐሳብ ይሰጣሉ። የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. መጣ። ድሮ ራሱ መርምሮ ራሱ ይከስስ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ምርመራው ለፖሊስ፣ ክሱ ለዐቃቤ ሕግ ተሰጠ። ለኮሚሽኑ በዋናነት ማስተማሩ፣ መከላከሉና የሀብት ምዝገባው ቀረለት።

ይህ በወረቀት ላይ ደህና ነው። መሬት ላይ ግን አንድ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል ማለት ነው። የመብት አጣሪው የሴትዮዋን ቃል ይቀበላል። ሙስና ስላለበት ለሚመለከተው አካል ይጽፋል። እዚያ አንድ ጸሐፊ ይመዘግበዋል፣ ኃላፊው ይመራዋል፣ ፖሊስ ይረከበዋል፣ ዐቃቤ ሕግ ያየዋል። በየጠረጴዛው ላይ የሴትዮዋን ስም አንድ ተጨማሪ ሰው ያውቃል። ከተማችን ደግሞ ትንሽ ናት። ፋይሉ ወረዳ ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል። ሽማግሌው ያን ቀን ጠዋት ከገጠር የተነሡት በዚህ መንገድ ነው።

ሌባው የሚፈራው እንግዲህ እስሩን ብቻ አይደለም። የመብት አጣሪ ሦስት ነገር ይዞ ይዞራል፦ ምስክር ያውቃል፣ ሰነድ ኮፒ አድርጓል፣ የሚጽፈውም ነገር አደባባይ ይወጣል። የፖሊስ ፋይል መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል። የታተመ ሪፖርትን መልሶ መሳቢያ ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ለዚህ ነው ዛቻው ገና ሳይጻፍ፣ «ያን ወረቀት» በሚባልበት ጊዜ የሚመጣው።

ከፍ ያለ ሥልጣን ያለበት ቦታም ነገሩ ያው ነው። ጓቲማላ ውስጥ ሆርዳን ሮዳስ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 የአገሪቱ የሰብአዊ መብት እንባ ጠባቂ ሆነው ተሾሙ። ወንበሩ ገና አልሞቀም፤ ሳምንት ቢሆናቸው ነው። ፕሬዝዳንቱ ጂሚ ሞራሌስ በሙስና ይመረምራቸው የነበረውን፣ በተባበሩት መንግሥታት የሚደገፈውን ኮሚሽን ኃላፊ ካገር ውጣ አሉ። ሮዳስ ወዲያው ፍርድ ቤት ሄደው አሳገዱ። የእንባ ጠባቂነታቸውን ዘመን የጨረሱት በዛቻ፣ በምክር ቤት የ«ይነሡ» ጥያቄና በበጀት ቅነሳ መሐል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዘመናቸው ሲያበቃ አገራቸውን ጥለው ወጡ። ያ ኮሚሽን ደግሞ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ተዘግቷል።

ደቡብ አፍሪካን ግን ወደ ራሳችን አቅርቤ ማየት እወዳለሁ፤ የበረት ነገር ስላለበት። ቱሊ ማዶንሴላ የአገሪቱ የሕዝብ ጠበቃ ነበሩ፤ እንደ እኛ እንባ ጠባቂ ያለ ሹመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ፕሬዝዳንት ዙማ የገጠር ቤት ሪፖርት አወጡ። «ለጥበቃ» ተብሎ 246 ሚሊዮን ራንድ የተገመተ የመንግሥት ገንዘብ ነው የተያዘበት። ውስጡ ሲታይ የከብት በረት አለበት። የዶሮ ቤት አለበት። የዋና ገንዳም አለበት፤ ገንዳውን «እሳት ማጥፊያ ነው» አሉ። የእኛ አገር ሰው ይህን ቢሰማ «ዶሮዋን ማን ሊያፍናት ነው?» ይል ነበር።

ማዶንሴላ ምን ገጠማቸው? የአገሪቱ ምክትል መከላከያ ሚኒስትር የሲአይኤ ሰላይ ናቸው አላቸው፤ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሊያስገድላቸው ያሰበ ሰው እንዳለ መስማታቸውን ራሳቸው ተናገሩ። በዚያው ዓመት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ያዘዙት የእርምት እርምጃ አስገዳጅ ነው ብሎ ፈረደ። ዙማ 7.8 ሚሊዮን ራንድ መለሱ። ማዶንሴላ አሸነፉ ማለት ይቻላል።

ባቢታ ዲዮካራን ግን አላሸነፈችም። እሷ እንደ ማዶንሴላ የታወቀች ሹመኛ አልነበረችም፤ እዚያው ደቡብ አፍሪካ በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ጤና ቢሮ የሒሳብ ኃላፊ ነበረች። የአንድ ሆስፒታል አጠራጣሪ ክፍያዎች እንዲቆሙ አደረገች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 2021 ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ ቤቷ ደጃፍ ላይ በጥይት ተመትታ ሞተች። ስድስት ሰዎች ተፈረደባቸው። ያዘዛቸው ማን እንደሆነ ግን በዚያ ፍርድ አልተገለጠም።

ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሽማግሌው አስፋልት ትዝ ይለኛል።

እኛ ጋ የዛቻው መልክ ብዙ ነው። አንዱ ሰኞ ጠዋት የሚደርስ የዝውውር ደብዳቤ ነው። «ለሥራ ቅልጥፍና» ይላል። ሌላው ነዳጅ ነው፤ ወደዚያ ወረዳ ልትወጣ ስትል ነዳጅ የለም፣ መኪናው ጋራዥ ነው፣ ሹፌሩ ፈቃድ ላይ ነው። በሌላ አቅጣጫ ግን ሁሉም አለ። «መንገዱ አያስኬድም» የሚባለው ደግሞ አንዳንዴ እውነት ነው፤ አንዳንዴ እውነት የሚሆነው ለአንተ ብቻ ነው። «እጅህን ሰብስብ» የሚል የቢሮ ጓደኛም አለ። «ለምን እሳት ትጨብጣለህ?» ይልሃል፤ እሱም የሚወድህ ሰው ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስም መለጠፍ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ወሎ ውስጥ በአንድ ቃል ሰው ይጠፋል። «የእነ እገሌ ተላላኪ ነው» ከተባልክ ስለ ስንዴው የሚጠይቅህ የለም፤ ስለ ራስህ ነው የምትጠየቀው። ስንት ኪሎ ጎደለ የሚለው ክርክር፣ አንተ የማን ወገን ነህ ወደሚል ክርክር ይዞራል። ደቡብ አፍሪካ ላይ «ሰላይ» አሉ፤ እኛ ጋ የራሳችን ቃል አለን። ሥራው ግን አንድ ነው።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። በወሎ ሽምግልና ትልቅ ነገር ነው። አበጋሮች የሚባሉት አስታራቂዎች ደም ያደርቃሉ፤ ፍርድ ቤት ዓመታት የሚፈጅበትን ጠብ በአንድ ቀን ምርቃት ይጨርሳሉ። ለዚህ ነው ሌባ ሽማግሌ መላክ የሚወደው። ሽማግሌን እንቢ ማለት ነውር ነው። ሽማግሌን መክሰስማ አይታሰብም። ግን ሽምግልና የተጣሉ ሰዎች መሐል ነው። አጣሪው ከማንም አልተጣላም። 45 ኪሎዋ የእሱ አይደለችም፤ በሰው ስንዴ ይቅር የሚል እሱ ማነው?

ዘመዴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገጠር ወርዶ ሽማግሌውን አገኛቸው። አልተቆጣም። ቡና ከጠጡ በኋላ ብቻ ጠየቃቸው፦ «አባባ፣ ልጄ አስፋልት እንደምትሻገር ማን ነገረዎት?»

ሽማግሌው ስኒያቸውን ይዘው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔም ልጅ አለኝ» አሉት።

ማለትም ዛቻው መጀመሪያ የተላከው ለሳቸው ነበር። እሳቸው ሰሙት፤ ቀጥሎ በትከሻቸው አሻገሩት።

ሕጉ እዚህ ጋ ምን ይላል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 580 ሰውን ማስፈራራት ያስቀጣል ይላል። ክሱ የሚነሣው ግን ተበዳዩ አቤት ሲል ነው፤ ቅጣቱም ቀላል ነው። የኢሰመኮ ሹመኞች በመቋቋሚያው አዋጅ ያለመከሰስ ከለላ አላቸው፤ ከባድ ወንጀል ሲሠሩ እጅ ከፍንጅ ካልተያዙ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዙም። ጥሩ ነው። ከለላው ግን ለኮሚሽኑ ሰዎች ነው። መጋዘን ጠባቂው የለበትም። አሻራዋን የሰጠችው እናት የለችበትም።

ለእነሱ ያለው የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ነው። ብዙ ሰው ይህ አዋጅ መኖሩንም አያውቅም። ስምን መደበቅ፣ ከመጋረጃ ጀርባ መመስከር፣ መኖሪያ መቀየር፣ የአካልና የንብረት ጥበቃ፣ ሁሉም ተጽፏል። ነገር ግን በር አለው። ወንጀሉ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ከባድ የሥልጣን አላግባብ መጠቀም ያልፈዋል። አንድ የቀበሌ ሰው የሠራው የ45 ኪሎ ነገር ግን በሩ ላይ ሊቀር ይችላል። ዛቻው የስንዴውን ኪሎ አይቶ አይቀንስም። ደግሞስ መኖሪያ ቀይር የሚባለው አዲስ አበባ ላይ ይሆናል እንጂ፣ በሬዋን፣ ማሳዋንና የባሏን መቃብር ይዛ የምትኖር ሴት የት ትሄዳለች? እኔ ሕግ አውጪ ብሆን ከዚህ በር ነበር የምጀምረው።

እስከዚያው ግን ሥራው አለ፤ ሠራተኛውም አለ። ልምድ ያላቸው አጣሪዎች የሚያደርጉትን ልንገራችሁ።

ዛቻውን በዚያው ቀን ይጽፉታል። «አስፈራሩኝ» ብለው አይደለም። ቃሉን እንዳለ፣ በተባለበት አማርኛ ይጽፉታል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደነበረ፣ ቡናውን ማን እንደቀዳ ጭምር። «ለልጆችህ ብለህ» ብቻውን ምክር ነው። በአንድ ወር ውስጥ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች አፍ ሲወጣና ከሦስተኛው ማግስት የዝውውር ደብዳቤ ሲመጣ ግን ያ ምክር አይደለም። ይህ የሚታየው ተጽፎ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። ለብቻ ለብቻቸው ዳኛ አያምናቸውም።

የምስክሩን ስም ከቃሉ ለይተው ያስቀምጣሉ። ወረቀቱ ላይ «ምስክር 3» ይላል፤ ስሙ ያለበት ዝርዝር ሌላ ቦታ ነው። አጣሪው ራሱ ሞባይሉን ቢቀማ የምስክሯ ቁጥር «እትዬ» ተብሎ እንዳይገኝ ስልኩ ላይ አይመዘግባትም። ለብቻው አይወጣም፤ ሁለት ሆነው ይሄዳሉ። ሲሄድ የት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመለስ ቢሮ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ይኖራል። የሰነዱ ኮፒ ከእሱ እጅ ውጪ የሆነ ቦታ ይደርሳል፤ በተቻለ ከከተማው ውጪ። ይህን ደግሞ አይደብቁትም። ወረቀቱ አንድ ቦታ ብቻ ያለ የመሰለው ሰው ነው ሽማግሌ የሚልከው።

አለቃም ድርሻ አለው። ሪፖርቱ በተቋሙ ስም ሲወጣ የአንድ ሰው ጠብ መሆኑ ይቀራል። «እሱ ነው የጻፈው» የሚባል ሠራተኛ ካለ ተቋሙ ራሱ አሳልፎ ሰጥቶታል።

ዘመዴ ከዚያ የቡና ቀን ጀምሮ አንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር ይዟል። ያ ምሽት የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ፦ ቶና ሲቀዳ ስለ ማሽላ፣ በረካ ሲቀዳ ስለ ልጅቷ። ሁለተኛው ገጽ የሽማግሌው መልስ ነው፤ ስማቸው የለበትም። ባለፈው ስጎበኘው ዘጠነኛው ገጽ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷን አሁን ከትምህርት ቤት የምታመጣት አክስቷ ናት፤ በሌላኛው በር።